እትዬ ገጽ ስንት እና የበሩ ዘበኛ

ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሜያለሁ። ቆሜያለሁ ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጬ ነው፤ አንድ እግሯ ያጠረ በርጩማ አለችኝ፣ ከሥሯ የታጠፈ ካርቶን ጎስጉሼላት እንደ ምንም ተስማምተን እንኖራለን። ሥራዬ ቀላል ነው። የሚገባውን ሰላም እላለሁ፣ የሚወጣውን «ቦርሳ!» እላለሁ። ከቦርሳው መጽሐፍ ከወጣ ሃያ አንደኛው ገጽ ላይ እገልጠዋለሁ፤ የቤቱ ማህተም የሚመታው እዚያ ነው። ሽፋን ይለወጣል፣ የመጀመሪያው ቅጠል ይገነጠላል፣ ሃያ አንደኛው ገጽ ላይ ማህተም መኖሩን ግን ሌባ አያስበውም። ይህን ከመጻፌ በፊት ቦታው ተቀይሯልና በከንቱ አትድከሙ። ማህተሙን ካየሁ «እለፍ» ወይም «እለፊ» እላለሁ፣ ባለ መጽሐፉም ያልፋል።

የማወራችሁ ግን ስለ እኔ ሳይሆን ስለ እትዬ ገጽ ስንት ነው። እኔ ታሪኩ ውስጥ ያለሁት እሳቸው ጎትተው ስላስገቡኝ ነው።

እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው አስተዳደር ክፍሉ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጠረጴዛቸው በመስኮቱ ሥር፣ ከአዲስ ልብ ወለዶች መደርደሪያ አጠገብ ነው። «ጥሩ የሚነበብ ነገር ይስጡኝ» ብሎ ለመጣ ሁሉ፣ ሕፃንም ይሁን ሽማግሌ፣ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «መጨረሻ ላይ የተውከው መጽሐፍ የቱ ነው? ገጽ ስንት ላይ?»

ለምን እንደዚህ እንደሚጠይቁ አንድ ቀን ጠይቄያቸው ነበር። «ሰው የሚወደውን ሲጠይቁት ይዋሻል» አሉኝ። «አዋቂ መስሎ መታየት ይፈልጋል። የተወውን ሲጠይቁት ግን እውነቱን ያወጣል።» መልሱን ሰማያዊ ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ላይ ይጽፉታል። በዚህ ምክንያት ስማቸው ገጽ ስንት ሆኖ ቀረ፤ እሳቸውም ሲጠሩበት አቤት ይላሉ።

አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ለሰፈሩ ቡድን በረኛ ነው። እናቱ እየጎተተች አመጣችው። «ገጽ አርባ ላይ ተውኩት» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። እትዬ መጽሐፉን ያውቁታል፤ ገጽ አርባ ላይ ጀግናው ፍቅር ይይዘዋል። «ፍቅሩ አልጣመህም ወይስ ስታነበው ጓደኞችህ አዩህ?» ሲሉት ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ወዲያው አዲስ የመጣ፣ ከዳር እስከ ዳር ፍቅር የሆነ ልብ ወለድ መዘዙና በጋዜጣ የስፖርት ገጽ ሸፍነው ሰጡት። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሊወስድ መጣ፤ ሽፋኑን እንዳይረሱት ብቻ አደራ አለ።

ጋሼ መብራት ደግሞ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ጡረታ የወጡ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው፤ አሁንም ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት አምፖሉን ነው። እሳቸው ሁሉንም መጽሐፍ ገጽ ስድስት ላይ ይተዋሉ። ሌላ ሰው ቢሆን «አርጅተው ነው» ብሎ ያልፋቸው ነበር። እትዬ ግን የተዋቸውን መጻሕፍት ሁሉ አገላብጠው አንድ ነገር አገኙ፤ በሁሉም ውስጥ እስከ ገጽ ስድስት ድረስ ሰባት ስምንት ሰው ይገባል። «ጋሼ፣ ይሄኛው ውስጥ ሦስት ሰው ብቻ ነው ያለው» ብለው አዲስ መጽሐፍ ሰጧቸው። «አንደኛው ደግሞ ገጽ አሥር ላይ ይሞታል፤ ሁለት ብቻ ይቀርልዎታል።» ጋሼ መብራት እየሳቁ ወሰዱት፤ ጨረሱትም።

አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅም አለች፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ። እሷ የምታቆመው ሁልጊዜ ከመጨረሻው ገጽ አንድ ቀደም ብላ ነው፤ «እንዳያልቅብኝ» ትላለች። ለእሷ የመረጡላት የመጨረሻው ገጽ አንባቢውን ወደ መጀመሪያው የሚመልስ ልብ ወለድ ነው። ልጅቱ ዙሪያውን ስትዞረው ከረመች።

እንደ እትዬ የሚያነብም አላየሁም። ለልጆች የሚሆን አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ልጆች ክፍል ገብተው፣ የልጆቹ ትንሿ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አገጫቸው ሥር አጥፈው ያነቡታል፤ «ከትልቅ ሰው ወንበር ላይ ሲነበብ ሌላ ነው» ይላሉ። ለወጣቶች የሚሆነውን አውቶቡስ ውስጥ ቆመው፣ በጫጫታ መሃል ይሞክሩታል። ለአዛውንት የሚሆነውን መነጽራቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ዘርግተው ያዩታል፤ ፊደሉ ከጠፋቸው ታሪኩ የቱንም ያህል ቢያምር ለጋሼ መብራት አይሰጡም። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማራቸውም። እዚህ ቤት የገቡት መጥረጊያ ይዘው ነው። አቧራ ሲያራግፉ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆመው እያነበቡ ሲያዙ ሲያዙ፣ መጨረሻ ላይ የያዛቸው ኃላፊ «እንግዲያው ያነበብሽውን ለሰው ንገሪ» ብሎ ጠረጴዛ ሰጣቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ነገሩ።

በሰማያዊው ደብተር ውስጥ ባዶ ሆኖ የቀረ መስመር አንድ ብቻ ነበር፤ የእኔ።

በየዓመቱ ይጠይቁኛል፣ እኔ ወይ ፍንክች! «እትዬ፣ ልብ ወለድ የበሬ ወለደ ወሬ ነው። የበሩ ላይ ውሸታም ይበቃኛል፤ ሁሉም መጽሐፍ አልያዝኩም ይለኛል» እላቸዋለሁ። እሳቸውም አያ እምቢ ብለው ሰየሙኝ።

በዚያ ዓመት አዲስ ኃላፊ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፣ ጫማው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ክፉ ሰው ነው ብዬ ብናገር አፌ ይጣመማል። ብቻ ዝርዝር ይወዳል። አዲሶቹን ልብ ወለዶች ሁሉ በዕድሜ ከፋፍሎ፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ፣ ከአሥር እስከ አሥራ አራት፣ ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት፣ ለአዋቂ እያለ አሳትሞ በፕላስቲክ አስለብጦ በእኔ በር ትይዩ ሰቀለው። እትዬ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው ጠረጴዛቸው እሳቸው ሲሄዱ እንደሚነሳ ነገራቸው። ይህ የሆነው እዚሁ እኔ አጠገብ ነው፤ ጆሮዬን ምን ላድርገው?

«እርስዎን ማንም አይተካም፤ ዝርዝሩ ግን አይደክምም፣ ጡረታም አይወጣም» አላቸው።

«ዝርዝሩ ጥሩ ነው፤ እኔም አየሁት» አሉ እትዬ። «ፊት ግን አያይም። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ መጥታ የእኔ ዕድሜ የት ነው ብትለው ያሳያታል። ለምን መጨረሻውን እንደማታነብ ግን አይጠይቃትም።»

ኃላፊው ወደ ዝርዝሩ ዞረ። «እሺ፤ ዝርዝሩ ሊረዳው የማይችል፣ እርስዎ ግን የሚያስነብቡት አንድ ሰው ያሳዩኝ። እስከሚወጡበት ቀን ድረስ አንድ ልብ ወለድ ካስጨረሱት ጠረጴዛው ይቆያል፤ ተተኪም እመድባለሁ።»

እትዬ ዘወር ብለው ጣታቸውን ቀሰሩ። በእኔ ላይ! ስንት ሺህ ሰው ባለበት ከተማ የሠላሳ አንድ ዓመት ሥራቸውን በእኔ ላይ አስያዙት።

የመጀመሪያው ሳምንት ጦርነት ነበር። ጠዋት አጭር ልብ ወለድ፣ ከምሳ በኋላ የሚያስቅ፣ ማታ መውጫ ላይ ደግሞ ስለ ሻንጣ መጥፋት የሚያወራ በርጩማዬ ላይ ያስቀምጡልኛል። እኔ ሽፋኑን ሳልገልጥ እመልሳለሁ። አርብ ዕለት ግን ሲሄዱ ከኋላቸው አየኋቸው፤ መስኮቱን ሲዘጉ ጠረጴዛቸውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። ሆዴ ባባ። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ኃላፊውና እትዬ አብረው ሲያልፉ ብድግ ብዬ «ያንን የሻንጣውን መጽሐፍ አንብቤ ጨረስኩ!» አልኩ።

ኃላፊው ፊቱ በራ። «እውነት? እንዴት ነበር?»

«አንድ ሰውዬ ባቡር ያመልጠዋል። አጠገቡ ደግሞ ቀይ ሻንጣ አለ፣ የሱ ያልሆነ። ያየዋል፣ ያየዋል...»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ብዙ ነገር ይሆናል።»

ኃላፊው ሳቀና ወደ እትዬ ዞሮ «እንግዲህ ተሸነፍኩ» ሊል አፉን ከፈተ። እትዬ ግን ቀደሙት።

«አላነበበም» አሉ። «አያ እምቢ፣ ሰውየው ሻንጣውን ከፈተው?»

«ኧረ አልከፈተውም!»

«ሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ ከፍቶታል።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔስ አላደረም። ኃላፊው አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። ተናደድኩ። «ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው!» አልኳቸው።

«ለእኔ ብለህ አትዋሽ፤ ለእኔ ብለህ አንብብ» አሉኝ። ከዚያ ድንገት ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። «ቆይ እስቲ። የቀዩን ሻንጣ ነገር ማን ነገረህ?»

«ማንም። ማህተም ሳይ ዓይኔ ያርፍበታል።»

«ስለ መንታዎቹ ሐኪሞች ያለውስ?»

«አንደኛዋ መስኮት ላይ ቆማ ዝናብ ታያለች፤ እህቷ ደብዳቤውን ደብቃባታለች።»

«ስለ መርከበኛው?»

«ፂሙን እየተላጨ ነው፤ ከዚያ ጩኸት ይሰማል።»

የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ። እትዬ በሩን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አንተ ሰው! በዚህ ቤት ውስጥ እንዳንተ ብዙ ልብ ወለድ የጀመረ የለም። ሁሉንም ሃያ አንደኛው ገጽ ላይ ነው የተውካቸው!»

ያኔ ነው እውነቱ ያመለጠኝ። አርባ ዓመት ለማንም ያልተናገርኩትን በር ላይ ቆሜ ተናገርኩ። አነባለሁ፤ ግን እንደ ሰው አላነብም። ጣቴን ከቃሉ ሥር እያስኬድኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው። ልጅ ሆኜ መምህሩ ለክፍሉ ጮክ ብለህ አንብብ ሲለኝ፣ አንዱን ቃል ጨርሼ ሌላው ጋ እስክደርስ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይቆጥሩብኝ ነበር። እስከ አሥራ አራት የደረሱበትን ቃል ዛሬም አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ የበሬ ወለደ ወሬ ነው እያልኩ ኖርኩ። አንድ ገጽ፣ ያውም በማህተም አሳብቤ፣ የምችለው ያንን ነበር።

እትዬ አላጽናኑኝም። «ደህና» ብቻ አሉና እየተጣደፉ ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ፤ አንድ ነገር አስበዋል ማለት ነው።

በማግሥቱ ጥርሰ ወላቃዋ ልጅ አዲስ መጽሐፍ ይዛ መጣች። «ቦርሳ!» አልኩ፤ ሃያ አንድ ላይ ገለጥኩት። አንዲት ቁልፍ ሠሪ ሴት ናት። የአንድ አሮጌ ቤት በር እንድትከፍት ተጠርታ ሁለት ቁልፍ ሞክራ አልሆነላትም። ሦስተኛውን ልታዞር ስትል ከውስጥ የሴት ድምፅ ትሰማለች፤ «እባክሽ ተይው። እኔ የተቆለፈብኝ ሰው ሳልሆን» ገጹ እዚያ ላይ አለቀ።

እጄ ሳላዘው ቅጠሉን ሊገልጥ ተነሳ። ልጅቱ ትንሿን መዳፏን ገጹ ላይ ጫነችበት። «ጋሼ፣ ማህተሙ እኮ እዚህ ነው!»

«እለፊ!» አልኳት ተቆጥቼ።

በሁለተኛው ቀን መለሰችው። ከሰዓት በኋላ ያንኑ መጽሐፍ በረኛው ይዞት ወጣ፤ ያችው ቁልፍ ሠሪ፣ ያው በር፣ ያው «ሳልሆን»። ልጁ ቤቱ ሳይደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ማንበብ ጀመረና አውቶቡሱ አመለጠው። ከእሱ በኋላ ጋሼ መብራት ወሰዱት። ሲመልሱት ዓይናቸው ቀልቷል፤ «በዚህ ዕድሜዬ እንቅልፍ ትንሳኝ?» እያሉ ያጉተመትማሉ።

አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ሴትዮዋ ምን አለች?»

«የቷ ሴትዮ?»

«የተቆለፈባት!»

«አይ፣ እሷማ...» ብለው አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። «እትዬ አስምለውኛል። ለዘበኛው የነገረ ካርዱን ይነጠቃል ብለዋል።»

ለካ ሴራ ነው! ሠላሳ አንድ ዓመት ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ሲመርጡ የኖሩት ሴትዮ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ለዘጠኝ ዓመቷም፣ ለአሥራ ስድስቱም፣ ለሰማንያ አንዱም ሰጡ፤ ሁሉንም በእኔ በር በኩል ለማሳለፍ ብለው። ሳምንቱን ሙሉ ያ መጽሐፍ በፊቴ ተመላለሰ። ምሳ ስበላ ሳልሆን፣ ጫማዬን ሳስር ሳልሆን። ሳልሆን ታዲያ ምን ሆና ነው?

ሊወጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው፣ ሰኞ በምሳ ሰዓት፣ እጄን ሰጠሁ። ጠረጴዛቸው ፊት ቆምኩ። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ሰማያዊውን ደብተር ገልጠው እስክሪብቷቸውን አነሱ።

«መጨረሻ ላይ የተውከው መጽሐፍ የቱ ነው? ገጽ ስንት ላይ?»

«የቁልፍ ሠሪዋን። ሃያ አንድ ላይ።»

ጻፉት። ባዶው መስመር ሞላ። «እንግዲያው ከሃያ ሁለት ጀምር፤ የመጀመሪያውን ኋላ ትመለስበታለህ» ብለው ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጡኝ።

ሰው እንዳያየኝ ልጆች ክፍል ገብቼ ከትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጥርሰ ወላቃዋ ግን እዚያ ነበረች። ጣቴን አየች፣ ከንፈሬን አየች። ልትቆጥርብኝ ነው ብዬ መጽሐፉን ልዘጋ አልኩ። «እኔም በጣቴ ነው የማነበው» አለችና ወደ ራሷ መጽሐፍ ተመለሰች።

ገጽ ሃያ ሁለት እንዲህ ይላል፤ «ራሴ የቆለፍኩ ነኝ። ሰው ሁሉ ተቆለፈባት ሲል፣ እኔም ቀስ በቀስ አመንኩት።»

መስመሩን በጣቴ ሁለቴ ደገምኩት። የበሬ ወለደ ስለው የኖርኩት ነገር ስለ እኔ ያውቅ ነበር። ከዚያ ጣቴን ዝቅ አድርጌ ቀጠልኩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እኔም በጣቴ ሄድኩ። ምሳዬን ተውኩ፣ ጠዋት ከሥራ ሰዓት በፊት መጣሁ። ረቡዕ ላይ ቁልፍ ሠሪዋ መሣሪያዋን ሰብስባ ልትሄድ ስትል «አትሂጂ እንጂ!» ብዬ ጮኼ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሐሙስ ከሰዓት መቶ ሰማንያ አራተኛው ገጽ ላይ አለቀ። አለቀ! ከዚያ ከአንድ ጀምሬ እስከ ሃያ አነበብኩና ዙሪያውን ገጠምኩት። እንደዚያ ቀን አንጀቴ ቅቤ ጠጥቶ አያውቅም።

አርብ ዕለት ንባብ አዳራሹ ውስጥ ለእትዬ ሽኝት ተሰበሰብን። ጋሼ መብራት የፊት ወንበር ላይ አምፖል ይቆጥራሉ፣ በረኛው ከነእናቱ መጥቷል። ኃላፊው ተነስቶ ስለ ውርርዱ ለሁሉም ነገረና ጠራኝ። ልጆች ከቆጠሩብኝ ወዲህ ሰው ፊት ስቆም የመጀመሪያዬ ነው።

«ቁልፍ ሠሪዋ ሦስተኛውን ቁልፍ ምን አደረገችው?» አለኝ።

ጥያቄው ሃያ አንደኛው ገጽ ላይ የለም። መልሱ መቶ ሰባ ዘጠኝ ላይ ነው። «አላዞረችውም» አልኩ። «በበሩ ሥር ወደ ውስጥ አሾለከችላት። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። በሩን የከፈተችው ሴትዮዋ ራሷ ናት።»

ኃላፊው አልጨረሰም። «ይህን መጽሐፍ በእኔ ዝርዝር ውስጥ የትኛው ዕድሜ ሥር ላስገባው?»

«እንጃ፣ ጌታዬ። እዚህ ያለች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳቀችበት፣ አንድ ጎረምሳ አውቶቡስ አመለጠው፣ ጋሼ መብራት እንቅልፍ አጡበት። እኔ ደግሞ ጮህኩበት። ለማን እንደሚሆን ሰውየውን ጠይቆ ማየት ነው።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ጨመርኩ፤ «እርስዎስ? ረቡዕ ማታ ቦርሳዎን ስፈትሽ የዚሁ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ነበረበት።»

ሳቅ ፈነዳ። ኃላፊው እስከ ጆሮው ቀላ። «ለፈተናው ብዬ ነበር የወሰድኩት» አለ። «ሐሙስ ጠዋት ስብሰባ ያረፈድኩትም በእሱ ምክንያት ነው።» ወደ እትዬ ዞረና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸው። «ጠረጴዛው ይቆያል። ተተኪዋ ሰኞ ትጀምራለች። ዝርዝሩም ይቆይ፣ ግን ከሥሩ፦ ወደ መስኮቱ ሄደው ይጠይቁ፣ ብዬ እጽፍበታለሁ።»

ጭብጨባው መስታወቱን አነቃነቀው። እትዬ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ፤ ለመደበቅ የሞከረም የለም።

ወደ ማምሻው ሰዉ ተበተነ። እትዬ ሰማያዊውን ደብተር መሳቢያው ውስጥ ለተተኪያቸው አስቀመጡና አንድ አዲስ ልብ ወለድ ከነካርዱ ዘረጉልኝ። ካርዱ ላይ ስሜ ተጽፏል፤ በዚያ ቤት መጽሐፍ በስሜ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። «ይሄ የአንተ ልክ ነው፤ ቤትህ ወስደህ አንብበው» አሉኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ኮቴን ለበስኩ፣ መብራቱን አጠፋፍቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

እትዬ ቀድመውኝ ደርሰዋል። በርጩማዬ ላይ፣ በዚያች በአጭር እግሯ ላይ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ቦርሳ!» አሉኝ።

ከፈትኩላቸው። መጽሐፉን አወጡ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ሃያ አንደኛው ገጽ ላይ ገለጡት፣ ማህተሙን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«እለፍ» አሉኝ።

አለፍኩ።